ቀናተኛዋ ሱዋና የሰማይ በር ጭራቅ

ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

ጥግ ላይ ያላችሁት አልተሰማችሁም። አፋችሁ ውስጥ ምን አለ? ዋጡትና እንደገና በሉ። ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

አሁን ገና ልጆች ሆናችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ከዚህ በጣም ርቆ፣ ቪየትናም በሚባል አገር፣ በሰሜኑ ጫፍ ድንበር ላይ አንድ ክፍለ ሀገር ነበር። ታቹ ሸለቆ ነው፤ ላዩ ድንጋይ ነው። በሸለቆው ወንዝ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ታይ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ቤታቸውን የሚሠሩት ረጃጅም ምሰሶ ላይ ነው፤ ከሥሩ ዶሮና የሚያርሱበት ጎሽ ያድራል። ከቀርከሃ ትልልቅ መንኮራኩር ሠርተው ወንዙ ውስጥ ያቆማሉ። መንኮራኩሩ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ውሃ ይቀዳል፣ ሩዛቸውን ያጠጣል። እነሱ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ላይ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሕሞንግ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ሕሞንጎች ተራራውን ተሻግረው ከሰሜን ሲመጡ ሸለቆው ተይዞ ነበር። የተረፋቸው ድንጋዩ ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ እንዴት ይታረሳል? እናንተ ብትሆኑ ቁጭ ብላችሁ ታለቅሱ ነበር። እነሱ አላለቀሱም። ትንሽ አልቅሰው ከሆነም ቶሎ ተዉት። ድንጋዩ መሃል ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዱ ድስት ያክላል፣ አንዳንዱ ገበቴ ያክላል። ሰዎቹ ከታች አፈር በቅርጫት አዝለው ወጡ። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሞሏቸው። በየጉድጓዱ ሁለት ሦስት ፍሬ በቆሎ ዘሩ። በቆሎውም በቀለ። ያየው መንገደኛ ሁሉ ድንጋዩ ራሱ ያበቀለው ይመስለው ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ግን አፈሩን አጥቦ ይወርዳል። ከላይኛው ሰው ጉድጓድ ይወስድና ታችኛው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ታችኛው ሰው አንድ ቅርጫት አፈር ሞልቶ ወደ ላይኛው ሰው ይወጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ገልብጦለት ይመለሳል። ያንተ ይህን ያህል ነው፣ የኔ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚሰፍር የለም። አንድ ቅርጫት፣ በቃ።

በዚህ ድንጋይ ላይ ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ትልቋ ሱዋ ትባላለች፤ ትንሿ ዲያ። አባትና እናታቸው ሞተዋል። አባታቸው ከመሞቱ በፊት የላይኛውን ማሳ ለሱዋ፣ የታችኛውን ለዲያ ሰጣቸው።

ሱዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን ልብ በሉ። ዲያን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ማሳው ከተከፈለ ወዲህ ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ቅናት ነው። ቅናትን አናውቀውም ብላችሁ እንዳትዋሹኝ። ወንድማችሁ ትልቁን ቁራሽ ሲያነሳ ሆዳችሁን ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው።

ሱዋን ጠዋት ይቆነጥጣታል፣ ማታ ይቆነጥጣታል። ከላይ ሆና ወደ ታች ታያለች። የዲያ በቆሎ ረዝሟል። የዲያ ቀሚስ ሰማያዊው ደምቋል። ዲያ ብታስነጥስ እንኳ፣ እንዴት አምሮባት አስነጠሰች ብላ ትናደዳለች። የራሷ በቆሎ ምን እንደሚመስል ብትጠየቅ ግን አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትውለው።

ከዝናቡ በኋላ ዲያ አፈር የሞላ ቅርጫት አዝላ ትመጣለች። እስከ አፍ ገደፉ ሞልታው፣ ወገቧ ጎብጦ፣ እየሳቀች ትመጣለች። ሱዋ ቅርጫቱን አይታ በሆዷ፣ «ይኸው ነው? የኔን አፈር ዝናቡ ወስዶ ሰጣት። አንድ ቅርጫት መልሳ ስንቱን አስቀርታለች» ትላለች። በአፏ ግን ተባረኪ ትላታለች።

ከሱዋ ማሳ አጠገብ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር። የማይሞላው ጉድጓድ ይሉታል። አባቶች አፈር ቢገለብጡበት፣ ቢገለብጡበት አልሞላ ብሏቸው ተስፋ ቆርጠውበታል። በጉድጓዱ ውስጥ አንድ አሮጌ ጉርጥ ይኖራል። በዚያ አገር ጉርጥ አይናቅም። ጉርጥ ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማይ ይሰማዋል፤ ዝናብ ይልካል። ጉርጥ ጥርስ የለውም የሚል ልጅ ካለ ሄዶ አፉን ከፍቶ ይይ።

ከመንደሩ በላይ ደግሞ ተራራው ለሁለት ተከፍሎ መተላለፊያ አለው። የሰማይ በር ይባላል። በጥንት ጊዜ በዚያ በር ብዙ ጦር ገብቷል፣ ብዙ ጦር ወጥቷል። የገባው ሁሉ ሩዙን በልቶ፣ ፈረሱን ነድቶ ይሄዳል። ሰዎቹ መረራቸው። ታዮቹም ሕሞንጎቹም አንድ ላይ ወጥተው በሩ ላይ ካብ ካቡ። ለነጋዴና ለፈረስ ብቻ ጠባብ መግቢያ ተዉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንጋይ በራሱ እጅ አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹም፣ «ይህን ድንጋይ ካስቀመጠው ቤት ልጅ በቀር ማንም አያንቀሳቅሰው» ብለው መረቁት። ምርቃቱም ያዘ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ በዝሆን ቢጎትተው ካቡ ንቅንቅ አላለም።

ከካቡ ማዶ አንድ ጭራቅ ነበር። እግራችሁን አትሰብስቡ፣ ይሄኛው የሰው ሥጋ አይወድም። ምን እንደሚወድ ቆይተን እናያለን። ቁመቱ ጥድ ያክላል። እጁ እስከፈለገበት ይረዝማል። ግን ካቡን ማለፍ አይችልም፤ በመግቢያው ጣቱም አይገባም።

አንድ ጠዋት ሱዋ የእህቷን ማሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ወደ ሰማይ በር ወጣች። አየችው። አምሯል። ካቡ ላይ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

ጭራቁ ከማዶ ሰማት። ለስለስ ባለ ድምፅ ምን እንደሆነች ጠየቃት። አፈሬ እህቴ ጋ ሄደ አለችው።

«ከአባትሽ ድንጋዮች አንዷን ብቻ አንሺልኝ። አፈሩን ከእህትሽ እወስድልሻለሁ» አላት።

ሱዋ፣ ወስደህ ለኔ ትሰጠኛለህ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ልብ አላችሁ? አልጠየቀችም። እህቷ ካጣችው ይበቃት ነበር። አንዷን ድንጋይ አነሳች። ጭራቁ በቀዳዳው እጁን ሰደደ፤ እጁ ረዘመ፣ ረዘመና የዲያን ማሳ ጠርጎ አፈሩን ሁሉ ወሰደ። ድንጋዩ ታጥቦ እንደተቀመጠ ሳህን ሆነ።

ሱዋ ስትመለስ ጉርጡ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ሱዋ፣ ድንጋይዋን መልሺ።»

«አያ ጉርጥ፣ በሰው ቤት ምን አገባህ» ብላው አለፈች።

ዲያ ባዶውን ማሳ አይታ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሳች። ቅርጫቷን አዝላ ወደ ሸለቆው ወረደች። ታዮቹ ከወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ሰጧት። የመንደሩ ሰውም ቅርጫቱን እያነሳ ተከተላት። ተሸክመው ሞሉላት። ጥቁሩ አፈር ከፊተኛው ይበልጥ ነበርና በቆሎው ከፊተኛው በለጠ። እሸት ሲደርስ ሽታው ሱዋ በር ድረስ መጣ። ሱዋ በሯን ዘጋች። ሽታው በመስኮት ገባ።

እሷም እንደገና ወደ ሰማይ በር ወጣች።

ጭራቁ ሳትጠራው መጣ። ሌላ ድንጋይ ብታነሳለት እሸቱን እንደሚወስድላት ነገራት። አሁንም ወስደህ የት ታደርገዋለህ አላለችውም። ሁለተኛዋን ድንጋይ አነሳች። የጭራቁ ክንድ እስከ ትከሻው ገባ። በቆሎውን ከነሥሩ ነቅሎ፣ በእጁ ጠቅልሎ ወሰደ።

ጉርጡ ጠበቃት። «ሱዋ፣ ድንጋዮቹን መልሺ» አላት። አንገቷን ደፍታ አለፈች። 

በዚያ ክረምት ዲያ የምትበላው አጣች። ግን የምትስቅ ልጅ ጦሟን አታድርም። አንዱ በቆሎ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ከሸለቆ በቀርከሃ የታሸገ ሩዝ ይዞ ይመጣል። ዲያ ቃጫ እየፈተለች ትዘፍናለች፤ ሰው እሳቱን ከቦ ይሰማል። ሱዋ ቤት ጎተራው ሙሉ ነው፤ ሰው ግን የለም። ብቻዋን ትበላለች፣ ሳቁን ትሰማለች። 

ሱዋ በሆዷ እንዲህ አለች፦ አፈሯን ወሰድኩባት፣ ሳቀች። በቆሎዋን ወሰድኩባት፣ ሳቀች። እንግዲህ ምን ቀረ? ቀረች እሷ ራሷ።

ሱዋ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከዓይኔ አጥፋልኝ» አለችው።

«ማንን?» አለ ጭራቁ፤ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ከአፏ ሊሰማ ፈልጎ ነው።

«እህቴን።»

ሦስተኛዋን ድንጋይ አነሳች። እጇ ላይ እያለች ካቡ ተንቀጠቀጠ። የአባቷ ድንጋዮች የነበሩበት መሃሉ ተናደ። ጭራቁ በክንዱ ብቻ አልገባም፤ በጭንቅላቱም፣ በሆዱም፣ በእግሩም ገባ። ወደ ዲያ ቤት ሄዶ ልጅቷን ከነእንዝርቷ በሁለት ጣቱ አነሳት። ዲያ፣ «እትዬ!» ብላ ጮኸች። ጭራቁ ከሰማይ በር ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ ወስዶ አስገባት።

ሱዋ ድንጋይዋን እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍለ ሀገሩ ሰላም ጠፋ። ጭራቁ ሰው የወደደውን ነገር ሁሉ ይወስዳል። ታዮቹ መንኮራኩሩን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ መንኮራኩሩን ነቅሎ ወሰደ። አንዱ ፈረሱን ዳበስ አደረገ፤ ፈረሱን ወሰደ። ሴቶች ቀሚሳቸውን አጥበው አሰጡ፤ ቀሚሶቹን ወሰደ። ሰዎቹ የሚወዱትን መደበቅ ጀመሩ። ኋላ ኋላ ፈገግታቸውንም ደበቁ። ልጆች እንኳ መሳቅ ሲያምራቸው አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ሱዋ ደግሞ የምትቀናበት ሰው አጣች። ከላይ ሆና ወደ ታች ብታይ ማንም የለም። ዞር አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን በቆሎ አየችው። ያምር ነበር። ከድሮም ያምር ነበር። የምታሳየው ሰው ግን የለም። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ የዛሬው ለቅሶ ግን ስለ እህቷ ነበር።

ቀና ብላ ወደ ዋሻው ሄደች።

ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። የዲያ አፈር ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ደርቆ አቧራ ሆኗል፣ ምንም አልተዘራበትም። በቆሎው ከነልባሱ ሻግቷል። መንኮራኩሮቹ ተገልብጠው ወድቀዋል። ፈረሶቹ ከስተዋል። ቀሚሶቹን አይጥ በልቷቸዋል። ከሁሉም በስተጀርባ፣ በቀርከሃ አጥር ውስጥ ዲያ ቁጭ ብላለች። ጭራቁ ለዚህ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሸለቆው ያያል።

ሱዋ ጠየቀችው። «ጌታው፣ ይህን ሁሉ ለምን ወሰዱት? አይበሉት፣ አይለብሱት።»

«እነሱ እንዳይኖራቸው ነዋ» አለ፣ ዞሮም ሳያያት።

ሱዋ ደነገጠች። ያንን መልስ ታውቀዋለች። ሆዷ ውስጥ ስንት ጊዜ የሰማችው መልስ ነው። ይህ ጭራቅ አልራበውም፤ ይቀናል። ቀናተኛ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚታለል ከሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ከዲያ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሱዋ ወጥታ ወደ ማይሞላው ጉድጓድ ሄደች።

ጉርጡ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ የተናገረችው እሷ ናት።

«አያ ጉርጥ፣ ድንጋዮቹን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ጉድጓድህ ለምን እንደማይሞላ ንገረኝ።»

ጉርጡ ተቆጥቶ ሊተዋት ነበር። ግን ዕድሜ ያበርዳል። የጉድጓዱ አፍ ሰፊ ነው አላት፤ ወገቡ ይጠባል፤ ከወገቡ በታች ውሃ ይሄዳል፤ የሚገለበጠውን አፈር ሁሉ የሚወስደው እሱ ነው። «ሰውም ይሁን ከብት የገባ ሁሉ ወገቡ ላይ ይቀረቀራል። የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ስለምዘል ነው» አላት።

ሱዋ ወደ መንደር ሄዳ ሰዎቹን ሰበሰበች። ከታችም ታዮቹ መጡ። ድንጋዮቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብላ ተናገረች። የመንደሩ ሽማግሌ ሲን፣ «እናውቃለን። የአባትሽን ድንጋይ ካንቺ ሌላ ማን ያነሳዋል? ዲያ መቼም አታነሳም» አሏት። ሁሉም በጣም ተቆጥተው ነበር። ግን ቁጣውን ለኋላ አቆዩት፤ አሁን ሥራ አለ። ያሰበችውን ነገረቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሱዋ የማይሞላው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጠች። ወደ ታች አየችና ፈገግ አለች። በዚያ ክፍለ ሀገር ፈገግ ያለ ሰው ከታየ ስንት ጊዜው! ጭራቁ ከሩቅ አያት። መጣ።

«ምን አለ እዚያ ውስጥ?»

«ምንም የለም ጌታው» አለችና በቅጠል ሸፈነችው።

ጭራቁ ሄደ። ያን ቀን ግን ሸለቆውን አላየም፤ ጉድጓዱን ሲያይ ዋለ።

በሁለተኛው ቀን ሱዋ የመንደሩን ሴቶች ይዛ መጣች። በየተራ ቅጠሉን ገለጥ እያደረጉ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ይስቃሉ። ጭራቁ እየሮጠ መጣ። ምን አገኛችሁ አለ። ምንም የለም አለች ሱዋ። ምንም ለሌለበት እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ እየተነጫነጨ ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሆዱን ቆነጠጠው።

በሦስተኛው ቀን ሱዋ ብቻዋን መጣች። ጉድጓዱ ላይ በደረቷ ተኝታ በሁለት እጇ አቀፈችው። ጭራቁ መጥቶ በላይዋ ቆመ።

«ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«መንኮራኩሮቹን ሁሉ ልመልስ።»

«አልፈልግም።»

«ፈረሶቹን ውሰጂ።»

«ምን ይሠሩልኛል?»

ጭራቁ አሰበ። ትዝ አለው። ወደ ዋሻው ሮጦ ዲያን በመዳፉ ይዞ መጣ። እህትሽን ልስጥሽ አላት።

ሱዋ እሺ ልትል ነበር። ግን ጭራቁ ቀናተኛ ነው፤ እሺ ያለችው እንደሆነ እህቷ እንደምትበልጥባት ያውቅና እህቷን ይይዛል። ስለዚህ ፊቷን አጠቆረች።

«ከዓይኔ አጥፋልኝ ያልኩህን ረሳህ? እህቴን ማን ፈለጋት? በእህቴ አልለውጠውም።»

ዲያ በመዳፉ ላይ ሆና ሰማች።

ጭራቁ ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለም። ሰው በእህቱ የማይለውጠው ነገር! ዲያን መሬት ላይ ጣላት፤ ሱዋን ገፋት፤ ቅጠሉን በታትኖ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለለ። ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና ወገቡ ላይ ተቀረቀረ። እጁ ከጎኑ ጋር ተጣበቀ። መዘርጋት አልሆነለትም።

«ምንም የለም!» ብሎ ከታች ጮኸ።

«ነግሬዎት ነበር» አለች ሱዋ።

ይኼኔ ሰዎቹ ከየድንጋዩ ጀርባ ወጡ። ሁሉም ቅርጫት አዝለዋል። የድንጋይ ጉድጓድ መሙላት ለነሱ ከልጅነት የተማሩት ሥራ ነው። አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ይተካል። ታዮቹም ጥቁሩን አፈር ከወንዝ አምጥተዋል። ጭራቁ ራሱ ላይ ሲወርድበት፣ ምንድን ነው የምታፈሱት አለ። አፈር ነው አሉት። የማን አፈር አለ። የኛ ነው አሉት።

«እንግዲያው ለሌላ እንዳትሰጡት! ሁሉንም እዚህ አፍስሱ! ጨምሩ!»

ጨመሩለት። ሰው የለመነውን መከልከል ደግ አይደለም። እስከ አንገቱ ሲደርስ፣ «ጨምሩ፣ የቀረ እንዳይኖር» ይል ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ጉርጡም ጥርሱን አፋጨ። ሰማይ ሰማው። ዝናቡ መጣ፤ አፈሩን ጠቅጥቆ አጠበቀው። ከታች ያለውን መውጫ ጭራቁ በሰውነቱ ደፍኖታልና አፈሩ አልሄደም። ያ ጉድጓድ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ጉርጡ ቤት አልባ ሆነና ወደ ታዮቹ የሩዝ ማሳ ገባ፤ እስከ ዛሬም ያጉረመርማል።

ሰው ሁሉ ወደ ዋሻው ሄዶ የየራሱን አወጣ። ከዚያ ያቆዩት ቁጣ ተራው ደረሰ። ሽማግሌው ሲን ለሱዋ የሚነገረውን ሁሉ ነገሯት። አጎንብሳ ሰማች።  ሲጨርሱ ወደ ሰማይ በር ወጣች፤ የአባቷን ድንጋዮች አንድ በአንድ አንስታ መካብ ጀመረች። የረዳት የለም። ከዲያ በቀር ሊረዳት የሚችልም የለም። እጇ ደማ።

ዲያ ተከትላት መጣች። ራቅ ብላ ተቀመጠች። መርዳት ትችል ነበር፤ የአባቷ ልጅ ናት። አልተነሳችም። አትስቅም።

አንዲት ድንጋይ ስትቀር፣ «እትዬ» አለቻት። «በእህቴ አልለውጠውም ያልሽው እውነት ነው?»

ሱዋ ድንጋይዋን አስቀመጠች። መዋሸት ይቀላት ነበር። ጭራቁን ለማታለል ብዬ ነው ብትል ያበቃ ነበር።

«ዛሬ ማታለያ ነበር» አለች። «አፈርሽን ባስወሰድኩ ቀን ግን ብጠየቅ፣ እውነቴን ነበር የምለው።»

ዲያ ብዙ አለቀሰች። ሱዋም ቆማ ጠበቀቻት። እንባሽን ልጥረግልሽ ለማለት አፍራለች።

«አሁንስ?» አለች ዲያ።

«አሁንም እቀናብሻለሁ። ስትዘፍኚ ድምፅሽ ያስቀናኛል። ሰው ሲወድሽ ያስቀናኛል። አንቺ በሌለሽበት ግን በቆሎዬን የማሳየው ሰው አጣሁ። ያምራል፣ ታውቂያለሽ? እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።»

ዲያ በእንባዋ መሃል ቀና አለች።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «በየቀኑ ከታች ሆኜ አይቼው እቀና ነበር። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምትደርሰው ካንቺ ዘንድ ነው። ለምን ለኔ አልሰጠኝም እያልኩ አባቴን እወቅስ ነበር።»

ሱዋ ወደሷ ዞረች። «ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? እዘፍናለኋ።»

ተነሳችና የቀረችውን ድንጋይ በአንድ ጫፍ ያዘች። ሱዋ በሌላው ጫፍ ያዘች። አንስተው አስቀመጧት።

ልጆች፣ ነገሩ ይኼ ነው። ቅናት ሁሉንም ሰው ይቆነጥጣል፤ መቆንጠጡ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ለሱ ብሎ የሌላውን ማፍረስ ነው። የሌላውን ብታጠፉ የእናንተ አይጨምርም። ሲቆነጥጣችሁ መጀመሪያ ዞር ብላችሁ የራሳችሁን እዩ። ከዚያም ለምትቀኑበት ሰው ንገሩት፤ ምናልባት እሱም በእናንተ ሲቀና ኖሮ ይሆናል።

ተረቴ ተራራ ወጣች፣ ተራራ ወረደች፤ ሸክሟን እዚህ አራገፈች። ያዳመጠ ይደግ፤ ያንቀላፋ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ለኔ ግን ጉሮሮዬን የሚያርስ ነገር አምጡልኝ።